ልል ቋጠሮ የተባለችው ኤሎይዛ

ቶቤጎ ደሴት ላይ ቡኩ በሚባል መንደር ሰው ወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሲጠመቅና ሲቀበር ብቻ ነው። በመካከል ያለውን ዕድሜ፣ ወደደም ጠላም፣ መንደሩ በለጠፈበት ስም ይኖራል። ኤሎይዛ ኳሺ፣ በአጭሩ ሎዛ፣ «ልል ቋጠሮ» ትባል ነበር። ባሕሩ ዳር ሸርጣን በካሪ ሠርታ ትሸጣለች። ሸርጣኖቹን በሕይወት ሳሉ ጥፍር ጥፍራቸውን ጠፍራ የምታስራቸው ራሷ ናት፤ አንድም ቀን አምልጠዋት አያውቁም። ደንበኞቿ ግን መረቁን በጣታቸው እየጠረጉም አይለቋትም።

«ሎዛ፣ ይኼ ደህና ታስሯል? እግሬን ይዞኝ እንዳይቀር።»

«ሆድህ ከገባ በኋላ የምን እግር ይይዛል። ይልቅ አፍህን እሰር» ትላለች፤ አብራም ትስቃለች።

ሳቋን ያየ ሰው ነገሩን የረሳችው ይመስለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሎዛ አልረሳችም፤ ለመርሳትም ሞክራ አታውቅም።

ነገሩ የፍየል ነው። ሌላው ዓለም ፈረስ ያሽቀዳድማል፣ እኛ ቶቤጎዎች ፍየል እናሽቀዳድማለን። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ቡኩ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሜዳው ይወጣል። ሯጩ በባዶ እግሩ፣ ገመዱን ይዞ ከፍየሉ ኋላ ይከንፋል። ፍየሉ ሯጩን ጥሎ ብቻውን ከገባ እንዳልገባ ይቆጠራል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ገመዱን ከፍየሉ አንገት የሚቋጥረው ደግሞ ፍየሉን ያሠለጠነው ሰው ነው፤ ሯጭ አይነካውም። ከተፈታ ሐፍረቱ የቋጠረው ሰው ነው።

የኳሺዎች ቋጠሮ ከዓሣ አጥማጅ አያታቸው የመጣ ነው። ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ አንድ ጊዜ በታች ተመልሶ ይገባል፣ ጫፉም እዚያው ተነክሶ ይቀራል። በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። የሚፈታው ሲጎትቱት ሳይሆን ወደ ውስጥ ሲገፉት ነው፤ ገፍቶ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቀለበት በአውራ ጣት ጥፍር መሳብ። ይህን የሚያውቁት ሎዛ፣ አባቷና ኡልሪክ ሳንዲ ብቻ ነበሩ።

ኡልሪክ ሯጫቸው ነበር፤ የሎዛም እጮኛ። ፍየላቸው ጢሙ እስከ ደረቱ ስለሚወርድ ጳጳሱ ይባል ነበር፤ የሚቀድመው አልነበረም። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት በመጨረሻው ሩጫ ከተፎካካሪያቸው ከሆሊስ ኦር ፍየል ቀድመው ርቀው ሲመጡ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ጳጳሱ ገባ፤ ብቻውን። ኡልሪክ ከኋላ ቆሞ ባዶውን ገመድ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሳይ ነበር። «ተፈታ» ይላል፣ ፊቱን እንደ ሐዘንተኛ አጥቁሮ። «ምን ላድርግ፣ ቋጠሮዋ ተፈታ።»

ሎዛ ግን አይታዋለች። ጥቂት ሲቀረው ፍየሉን እንደሚያባብል ጎንበስ ብሎ አንገቱን ነክቶት ነበር። ተናገረች፤ ማን ይስማት። ሰው ባዶ ገመድ አይቷል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያሉ ተረቱባት። ብዙም ሳይቆይ ኡልሪክ የሆሊስን እህት ሜርልን አግብቶ ቶሮንቶ ገባ። አባቷ ዘንድ ፍየሉን አሠልጥንልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን እያየ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሎዛ ከሐኪሙ ጋር አትስማማም። እሷንም አንድ ዓሣ አጥማጅ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ «ልል ቋጠሮን አጥብቄ ላስራት ነው» ብሎ ሲቀልድ ሰማችና ሽማግሌዎቹን ከነባርኔጣቸው መለሰቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ኡልሪክ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ በገዛ እጄ ፈታሁት እንዲል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም የምትለምነው ይህንኑ ነበር፤ ለነፍሷ የምትለምነው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ኡልሪክ መጣ። ሚስቱን፣ ጢም ማብቀል የጀመረ ወንድ ልጁን ዴቨንንና ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት ልጁን ኬዛያን ይዞ ኮረብታው ላይ ትልቅ ቤት ተከራየ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንዲሉ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያራግፉ ሥራ ጀመሩ። ሥራ ያልነው እነሱ ዕረፍት የሚሉትን ነው። ጠዋት አፋቸው ላይ ቱቦ ሰክተው በደረታቸው ተንሳፍፈው ከሥራቸው ያለውን የኮራል ድንጋይ ያያሉ፤ ከሰዓት ብስክሌት እየገፉ ዳገት ይወጣሉ፤ በማግስቱ ጫካ አቋርጠው ፏፏቴ ሥር ይቆማሉ፤ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ቆመው ባሕር ይቀዝፋሉ። ኡልሪክ ከፊት ሆኖ ያዛል። «በርቱ፣ እኔ በናንተ ዕድሜ ፍየል ነበር የማሯሩጠው» ይላል። ዴቨን ከኋላ ሆኖ እንቅልፍ ይለምናል። መንደርተኛው ከየበረንዳው እያየ፣ «እነዚህ ሰዎች ለዕረፍት ነው የመጡት ወይስ ተፈርዶባቸው ነው?» ይባባላል።

ሎዛ መጀመሪያ ያየችው በብስክሌት ሲያልፍ ነው። አላወቃትም፤ ወይም ያላወቃት መሰለ። እሱ ከዓይኗ እስኪሰወር ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ እንደያዘች ቀረች። ካሪው አረረ። በዚያ ቀን የመጣ ደንበኛ ያረረ በላ፤ ማንም ደፍሮ ምነው አላላትም።

ልጅቷን ያገኘቻት ውሃ ውስጥ ነው። ሎዛ ፍየል ማርባቱን አልተወችም ነበር። ሩጫው ሲደርስ ሰው እንዳይስቅ በሌላ ሰው ስም ታስገባቸዋለች እንጂ፣ የምታሳድገውና የምታሠለጥነው እሷ ናት። ፍየሎቿ ሮጠው እንደጨረሱ በቀጥታ ባሕር ይገባሉ፤ ዋና ደረት ያጠነክራል። በዚያ ጠዋት ዲያቆንን፣ ከጳጳሱ ዘር የመጣውን ጎረምሳ ወጠጤ፣ እያዋኘችው ነበር።

«ፍየል ይዋኛል እንዴ?» አለች ልጅቷ ከሰሌዳዋ ወርዳ።

«አንቺስ ትዋኚ የለ? እሱ ቢያንስ ሰሌዳ አይፈልግም።»

ልጅቷ ሳቀች። «እባክዎ፣ ልያዘው?»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የኡልሪክ ሳንዲ። ኬዛያ እባላለሁ።»

ሎዛ ፊቷን አየችው፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ። ከዚያ ገመዱን ሰጠቻት። ምን እንደምታደርግበት ገና አላወቀችም፤ የሰውዬው ልጅ በራሷ እግር እጇ ላይ መግባቷን ግን አውቃለች።

ኬዛያ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቷን ብስክሌትና ፏፏቴ ጣለችና ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ዳር ትገኝ ጀመር። በባዶ እግሯ ከዲያቆን ኋላ ሮጠች፤ እግሯ ቆሰለ፤ አልተወችም። ፍየሉም ለመዳት፤ ድምፅዋን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ሎዛ መቋጠሩን አስተማረቻት። መፍታቱን ግን አላሳየቻትም፤ ፍየሉን ስትፈታ ጀርባዋን ትሰጣታለች።

«መፍታቱንስ መቼ ነው የሚያሳዩኝ፣ ታንቲ ሎዛ?» ትላለች፤ ታንቲ ባገሩ አክስት ማለት ነው።

«እሱን ነገ።»

ነገ ሲመጣም ነገ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ስትታገል ጥፍሯ ተሰበረ። ሎዛ ከጎኗ ሆና እያየች ልቧ እንዳይለሰልስ ፊቷን አዞረች። ልጅቷን ልትጠላት አልቻለችም፤ ይህም አናደዳት።

በመጨረሻ ኡልሪክ ራሱ መጣ። ሸርጣን አዘዘ፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ሎዛ፣ አላረጀሽም እኮ።»

«አንተ ግን ሆድህ ቀድሞህ ነው የመጣው።»

ሳቀ። ጥርሱ አዲስ ነው፣ የተገዛ። «ልጄን ስላስተማርሽልኝ ላመሰግንሽ ነው። እንዲያው ተቀይመሽ ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። ያ የቋጠሮው ነገር… ለማንም ይደርሳል። እኔ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ድሮ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

ሎዛ ጭልፋዋን አስቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቢያፍር፣ ዓይኑን ቢሰብር፣ እንዲያው አፉን ቢይዘው፣ ትተወው ነበር ይሆናል። ይቅር አለኝ። እሱ፣ እኔን። ሳህኑን ከፊቱ አነሣችበት፤ ገና አልጨረሰም ነበር። በበቀል ጥም ደርቃ የኖረች ሴት ናት፤ ውሃውን ይዞላት የመጣው ራሱ ነው።

በማግስቱ ለኬዛያ፣ «አባትሽ እኮ ቡኩ ካያቸው ሯጮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አሁን እንኳ ዲያቆንን ይዞ በተመላሾች ሩጫ ቢገባ ያሸንፍ ነበር። እንጃ፣ ይፈራ ይሆናል» አለቻት።

የተመላሾች ሩጫ ከውጭ ለዕረፍት ለመጡ የአገር ልጆች የሚደረግ የቀልድ ሩጫ ነው። መዳፋቸው ስለለሰለሰ ገመዱ ከእጃቸው አንጓ ላይ ይታሰራል። ኬዛያ አባቷን በእራት ላይ ለመነችው። ጉልበቴን ያመኛል አለ። ዴቨን፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስሮጠን ጉልበትህን አላመመህም?» አለው። ሆሊስ ኦርም ይህን ሰምቶ፣ «ተወው፣ ቶሮንቶ አለስልሶታል» አለ። ኡልሪክ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር መሳቂያ መሆን ነው። እሺ አለ።

ማክሰኞ ሜዳው ላይ ጠጠር መጣያ ጠፋ። ኡልሪክ ጫማውን አውልቆ መነሻው ላይ ቆመ። ሎዛ ዲያቆንን እየጎተተች መጣችና ገመዱን ለኬዛያ ሰጠቻት።

«ያሠለጠነ ነው የሚቋጥረው» አለች። ያገሩ ደንብ ነው፤ ማንም አልገረመውም።

ኬዛያ በፍየሉ አንገት ላይ ቋጠረች። ከዚያ ተነሥታ ሌላውን ጫፍ በአባቷ ግራ እጅ ላይ ትጠመጥመው ጀመር። ሁለተኛው ዙር ላይ ስትደርስ የኡልሪክ ፊት ተለወጠ።

«ይኼን ማን ነው ያሳየሽ?»

«ታንቲ ሎዛ። ያምራል አይደል?»

«ተይው። ተራ ቋጠሮ ቋጥሪልኝ።»

«ለምን? ይኼ እኮ አይፈታም። ስንት ቀን ታግዬዋለሁ።»

«ምነው ኡልሪክ» አለች ሎዛ፣ ዙሪያው ያለው ሁሉ እንዲሰማ። «የኔ ቋጠሮ እንደሆነ ልል ነው። በራሱ ይፈታልሃል።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ የሳቀው በእሷ ነው። ኡልሪክም የግዱን አብሮ ሳቀ። ምን ይበል? አይፈታም ቢል ራሱን አጋለጠ፤ ይፈታል ቢል ለምን ይፈራል? እጁን ዘረጋ። ሴት ልጁ ጫፉን አስነክሳ አጠበቀችለትና ጉንጩን ሳመችው።

ሩጫው ተጀመረ። እውነት ለመናገር ኡልሪክ ደህና ሮጠ። እግር አይረሳም። ሆዱ እየዘለለ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከዲያቆን ኋላ ኋላ በረረ፤ ሕዝቡ ተነሣለት። አንደኛ ገባ። ነፃ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሊሰጥ ሲል ግን ዲያቆን አልቆመም። ዲያቆን የሚያውቀው መስመር የለም፤ የሚያውቀው ከሩጫ በኋላ ባሕር መኖሩን ነው።

በአጥሩ ክፍተት ወጡ። ኡልሪክ «ያዙት» እያለ ሁለት ሦስት እርምጃ ዘለለ፤ አሸዋው ላይ ተደናቀፈ፤ ወደቀ። ዲያቆን እንደ ጆንያ ጎተተው። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ተከተለ። ፍየሉ ውሃው ውስጥ ገባና መዋኘት ጀመረ። ኡልሪክ ተነሣ፣ ማዕበል መታው፣ ጨው ጠጣ፣ እንደገና ሰመጠ። የፍየሉ ሰኮና ትከሻውን መታው።

በዚህ ጊዜ ነው ያደረገው። ገመዱን ይዞ ራሱን ወደ ዲያቆን አንገት ሳበ። አልጎተተም፤ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ገፋው። አውራ ጣቱን ከሥር ሰደደና ቀለበቷን በጥፍሩ ሳባት። ሰው አስነጥሶ ሳይጨርስ ፈታው። ዲያቆን ነፃ ወጥቶ ብቻውን ዋኘ፤ ኡልሪክ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ አስታወከ።

ባሕሩ ዳር ያለው ሰው ገና ይስቅ ነበር። ኬዛያ ሮጣ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ? እንዴት አድርገህ ፈታኸው? እኔ እኮ አቃተኝ።»

የጠየቀችው ከልቧ ነው፤ ምንም ሳታስብ። ሳቁ ከፊት ካሉት ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ።

«በራሱ ነው» አለ ኡልሪክ። «ውሃው አላልቶት ነው።»

«እጅህ ላይ ያለውስ?» አለች ሎዛ ከአሸዋው ላይ ሆና። «እሱም እኮ ረጥቧል። እሱን ለምን አላላውም?»

ሁሉም የኡልሪክን ግራ እጅ አየ። ቋጠሮው እዚያው አለ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቀርቦ ጎተተው፤ ጠበቀ። ሌላው ጎተተው፤ ኡልሪክ አቃሰተ። ሽማግሌው እጁን አራግፎ፣ «ይኼ የማያውቀው ሰው የሚፈታው አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

«በል እንግዲህ፣ ልጅህ ጠይቃሃለች» አለች ሎዛ። «ከፍየሉ አንገት ላይ እንዴት እንደምትፈታው ንገራት።»

ኡልሪክ ሆሊስን በዓይኑ ፈለገው። ሆሊስ ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነበር።

«አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ» አለ። «ያኔ።»

«ያኔ ምን አደረግህበት?»

«ፈታሁት።»

«አልተሰማም።»

«በገዛ እጄ ፈታሁት» አለ ኡልሪክ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቋጠሮው ደህና ነበር። ሆሊስ፣ እኔ ካሸነፍኩ እህቴን እድርልሃለሁ፣ ካናዳ ትገባለህ ብሎኝ ነበር። ፈታሁት።» ሜርል ጃንጥላዋን አጥፋ ቆመች፤ እሷ ዛሬ የሰማችው ይሁን ድሮ የምታውቀው ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ሎዛ ይህን ቀን ስታስበው ደረቷ ላይ ያለው ድንጋይ የሚወርድላት ይመስላት ነበር። አልወረደም። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ትከሻዋን ሲነኳት ቁጣዋ ባሰ፤ ለአባቷ ቀብር እንኳ እንዲህ አልመጡም።

«ይቅር በይኝ» አለ ኡልሪክ።

«አልልህም። አባቴ በሕይወት ቢኖር እሱ ይልህ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር። እኔ እሱን አይደለሁም።»

«እሺ፣ ይኼን እንኳ ፍቺልኝ። እጄ ሊቆረጥ ነው።»

ብቻውን የሚፈታው አልነበረም፤ አንዱ እጅ ሲገፋ ሌላው ቀለበቷን መሳብ አለበት፣ ግራው ደግሞ የታሰረው ራሱ ነው። ሎዛ አጠገቡ ወደ ቆመችው ኬዛያ ዞረች። ልጅቷ አታለቅስም ነበር፤ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየዋለች።

«መፍታቱን አሳዩኝ እያልሽ ነበር» አለች ሎዛ። «ነይ። አትጎትቺው፤ ወደ ውስጥ ግፊው። ከሥሩ ትንሽ ቀለበት አለች። እሷን በጥፍርሽ ሳቢያት። በቃ፣ ይኼው ነው።»

ሎዛ ይህን ያለችው ልጅቷን ከበቀሉ ልታስወጣት ብላ ነው። ከዚህ በላይ አላሰበችም።

ኬዛያ ጎንበስ ብላ የአባቷን እጅ ያዘች። አውራ ጣቷን ከቋጠሮው ሥር አስገባች። ቀለበቷን እንዳገኘቻት ከፊቷ ላይ ያስታውቃል። ኡልሪክ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ያኔ ታንቲ ሎዛ ምን ይሆናሉ ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» አለችው በቀስታ።

«ኬዚ፣ ልጅ ነበርኩ…»

«በኔ ዕድሜ።»

ጣቷን አወጣች። የአባቷን እጅ መልሳ እንደነበረ ለቀቀችውና ዲያቆንን ለማውጣት ወደ ጥልቁ ዋኘች።

ኡልሪክ ገመዱ ከእጁ እየተንጠለጠለ ሎዛን አያት። እሷ ለዚህኛው አልተዘጋጀችም ነበር፤ ቢሆንም አልከፋትም።

«ቢላ ፈልግ» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች።